የአሻ ሁለት ሜጋ

እስቲ ይቺን ሽቦ እዩልኝ። ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ጀርባ ካለው ምሰሶ ትነሳለች። የሰው ግቢ ውስጥ ያለ ግራር ላይ ጋደም ትላለች፤ ከዚያ ወርዳ ከልብስ ማስጫ ገመድ ጋር ትጠላለፋለች፤ በመጨረሻም የአሻን ቆርቆሮ ተደግፋ በመስኮቱ ስንጥቅ ወደ ሳሎን ትገባለች። ነፋስ ሲነሳ ትወዛወዛለች። ቁራ ሲያርፍባት ትረግባለች። የጎረቤት እርጥብ ብርድ ልብስ የተሰጣባት ቀንም አለ። በውሉ ላይ የተጻፈው ስሟ ግን «ባለ ከፍተኛ ፍጥነት የመኖሪያ ቤት ኢንተርኔት» ነው። ስም በማውጣት እንኳ የሚያህለን የለም።

በዚህች ሽቦ ላይ አንዲት ልጅ ልትዳር ነበር። ወይም ተድራለች፤ ከሚሴ ውስጥ እንደምትጠይቁት ሰው ነው። እኔ የአሻ ጎረቤት ነኝ፣ ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ነበርኩ። ያየሁትን ልናገርና ከዚያ የፈለጋችሁትን በሉ።

አሻ የጨፋ ልጅ ናት። የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ከብት ወደ ዳገት እያሸሸች ያደገች፣ ለሙሳ ተድራ ከሚሴ የገባች፣ ሙሳ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ከጨፋ ሮቢት ማሽላና በቆሎ እያመጣች ከሚሴ ገበያ የምትሸጥ ሴት። ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ ትከራከራለች፣ ከቀበሌው ጋር በአማርኛ። የሚዛን መርፌ ሲንቀጠቀጥ ዓይኗን ነቅላ አታውቅም። ፊደል አልቆጠረችም። ይህንንም ፊደል የቆጠርን ሰዎች እንዳትረሳው ብለን ደጋግመን እንነግራታለን።

ሳሚያ አንድያ ልጇ ናት። በኮንትራት ሪያድ ሄዳ ሰው ቤት ትሠራለች። የዕረፍት ቀኗ ዓርብ ነው። ልጅቷ ከሄደች ወዲህ አሻ ቀን የምትቆጥረው ከዓርብ ወደ ዓርብ ነው፤ ከመሀል ያሉትን ቀናት በማሽላ ታሳልፋቸዋለች።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምህረት አብዶ መጣ። አብዶ የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው። «ለሳሚያ አባቷ እኔ ነኝ» ይላል። አባትነቱን ግን ለጋብቻዋ ጊዜ ቆጥቦ ያስቀመጠው ይመስለኛል፤ ልጅቷ ትምህርት አቁማ ፓስፖርት ስታሯሯጥ አላየነውማ።

«አሻ፣ ደስ ይበልሽ! ለሳሚያ ሰው መጣላት» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«ማነው?»

«ከማል። የጀይሉ ልጅ። ቤተሰቡን ታውቂዋለሽ።»

«ቤተሰቡን አውቀዋለሁ። ልጅቱስ ምን አለች?»

«ልጅቱማ ሪያድ ናት።»

«ሪያድ ያለ ሰው ምላስ የለውም እንዴ?»

አብዶ ሳቀ። ሴት እውነት ስትናገረው የሚስቀው ሳቅ አለው፣ ከሆዱ ሳይሆን ከአፍንጫው። «ወሊዋ እኔ ነኝ አሻ፤ የምድራት እኔ። ኒካሑን እዚህ እናስረዋለን፣ እሷ ስትመጣ ቤቷ ትገባለች። ወላሂ ሰዉ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«ወሊነትህን ማን ነካው? አንተ ታስራለህ፣ እሷ ትናገራለች። ከራሷ አፍ፣ ሼሁም ሰዉም እየሰማ። አለዚያ ሙሳ ከመቃብሩ ተነስቶ ይጠይቀኛል።»

አብዶ ወዲያው እሺ አለ። ለምን እንዲያ ቶሎ እሺ እንዳለ ያኔ አልገባንም ነበር። የከሚሴን ኔትወርክ ከሁላችንም በላይ ሳያውቀው አይቀርም።

አሻ ኢንተርኔት መረጣ የወጣችው እንግዲህ ለዚህ ነው። እንደ ማስታወቂያው ሰዎች ሶፋ ላይ ተጋድማ ልትስቅበት አይደለም። የልጇን አንዲት ቃል ልትሰማበት ነው፤ እሺ ወይም እምቢ።

በሞባይል የሚገባው አይሆንም። እሱ «እማ እንዴት» ይልና «ነሽ»ን በነጋታው ያደርሳል። የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት «እኔ ጋ ይሁን፣ ወንበር አስተካክላለሁ» ብሏት ነበር። ገብታ አየችው። ጎረምሶቹ በጨዋታ እየተታኮሱ ይጮሃሉ። «ሼሁን ከዚህ ጦርነት መሀል ላስቀምጣቸው?» ብላ ወጣች። የቀረው የቤት መስመር ነው።

አብሬያት ወደ ቴሌ ቢሮ ሄድኩ፤ መስኮቱ ላይ ያለችው ብፅዓት የምትባል ወጣት ነበረች።

«ምን ልርዳዎት እናቴ?»

«ልጄን የሚያሳየኝን ስጪኝ።»

«ሦስት ዓይነት ፍጥነት አለን። አምስት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ቢት አለ፣ አንድ ሜጋ አለ፣ ሁለት ሜጋ አለ።»

«የትኛው ነው አፍ ሲከፈት ድምፁን አብሮ የሚያመጣው?»

ይህ ጥያቄ በሥልጠናው ላይ አልነበረም መሰለኝ፣ ልጅቷ ዞር ብላ የኋላዋን ሰው አየች። የኋላዋ ሰው ኮምፒውተሩን አየ። ኮምፒውተሩ ማንንም አላየም። «ትልቁ ይሻላል» አለች በመጨረሻ።

«ይሻላል ነው ወይስ ያመጣል?»

«እስከ ሁለት ሜጋ ያመጣል።»

«እስከ?»

«እስከ።»

«ልጄ፣ እኔ እስከ ኩንታል ማሽላ ብሸጥልሽ ትገዣለሽ?»

«እናቴ፣ ማሽላና ኢንተርኔት አንድ አይደለም እኮ።»

«እሱን ነው የምልሽ። ማሽላው ይታያል።»

ተሰልፎ የነበረው ሰው ሳቀ። የሳቀው ሁሉ ደግሞ ተራው ሲደርስ «እስከ» የተባለውን ፈርሞ ወጣ፣ ሌላ እንዳይመስላችሁ። እኛ እንዲህ ነን፤ የጠየቀውን ሰው ጀግና ብለን እናጨበጭብለታለን፣ ጥያቄውን ግን ለሱ እንተውለታለን።

አሻ አልለቀቀችም። «እኛ ጨፋ በሬ ስንገዛ ሻጩን እስቲ አስኪደው እንለዋለን። አንቺም እስቲ አስኪጂልኝ።» ብፅዓት ፍጥነቱ የሚለካው መስመሩ ቤት ከገባ በኋላ እንደሆነ፣ ባለሙያ መጥቶ ፊት ለፊቷ እንደሚለካላት አስረዳቻት። ይህን ስትሰማ አሻ ትልቁን መረጠች፣ አውራ ጣቷንም ውሉ ላይ አሳረፈች። ሲለካ ማየት ለሷ ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜዋን በሙሉ የኖረችው መርፌ አይታ ነውና።

ባለሙያው ምንዳዬ ይባላል። ሥራውን የሚወድ፣ ትሑት ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም። የመጣው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነበር። ዓርብ የምሳ ዕረፍቱ ረዘም ስለሚል፣ እሱም ክርስቲያን ስለሆነ፣ ሌላው ጁምዓ ሲሰግድ የተጠራቀመ ሥራውን ይጨርስበታል። ሽቦዋን አስገባ፣ መብራት የምታብለጨልጨውን ሳጥን ግድግዳ ላይ ሰቀለ፣ ሳሚያ የላከችውን ታብሌት ከፍቶ የፍጥነት መለኪያ የሚባለውን ገጽ አወጣ። ክብ ነገር መጣ፤ መሀሉ ላይ መርፌ።

አሻ መርፌውን ስታይ ተስተካክላ ተቀመጠች። የምታውቀው ነገር ነው።

መርፌዋ ተነሳች፣ ሄደች፣ ጥግ ደርሳ ቆመች። ንቅንቅ አላለችም።

«እዩት እናቴ! ሁለት ሜጋ፣ ሙሉ!»

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት?»

«ታዲያስ! መስመሩ የእርስዎ ብቻ እኮ ነው።»

አሻ «አልሐምዱሊላህ» ብላ የአምባሻ ቁራሽ አቀረበችለት። እኔም ከጁምዓ ስመለስ አሻ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። ማናችንም ያላሰብነው ነገር ግን አለ። ያቺ ሰዓት ከሚሴ በሙሉ መስጂድ የሆነችበት ሰዓት ናት። ሱቁ ዝግ ነው፣ ስልኩ ጠፍቷል፣ ባጃጁ ቆሟል። በዚያች ሰዓት አስፋልቱ ላይ ጋሪ ብትለቁ አውቶቡስ ትቀድማለች። የተለካው የአሻ መስመር አይደለም፤ የጁምዓ ሶላት ነው።

ኒካሑ የተቆረጠው ደግሞ ለሚቀጥለው ዓርብ፣ ከአስር፣ ማለትም ከአመሻሹ በፊት ካለው ሶላት በኋላ ነው። ዓርብ የተባረከ ቀን ነው፤ ሳሚያም ዕረፍት ናት። ታዲያ ሳሚያ ብቻ ናት ዓርብ የምታርፈው? ከሪያድ እስከ ጅዳ፣ ከደማም እስከ መዲና ያሉት የከሚሴ፣ የጨፋ ሮቢት፣ የሸለቆው ልጆች ሁሉ የሚያርፉት ዓርብ ነው። ሁሉም ከአስር በኋላ ለእናታቸው ይደውላሉ። ይህን የማያውቅ ሰው በዚህ ከተማ የለም። ሼሁ ያውቃሉ፣ አብዶ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ሁላችንም ረሳነው፤ መርፌዋ ጥግ ደርሳለቻ።

ቀኑ ደረሰ። ወንዶቹ ሳሎኑን ሞሉት፤ ከጨፋ ሮቢት የመጡ ሽማግሌዎች ከግድግዳው ስር፣ ሙሽራው ከማልና አባቱ ጀይሉ ከበሩ አጠገብ፣ ሼህ አቡበከር ከመሀል። ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ከአሻ ጋር ናቸው። ታብሌቱ ፔርሙስ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጠራ፣ ጠራ፣ የሳሚያም ፊት ብቅ አለ። ነጭ ሻሽ አስራለች። ከኋላዋ የጣሪያ ማራገቢያ ይሽከረከራል። ከመጋረጃው ወዲያ እልልታው ቀለጠ።

ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሳሚያ ቢንት ሙሳ፣ አጎትሽ አብዶ ወሊ ሆኖ ለከማል ጀይሉ ሊያጋባሽ ነው። ፈቃድሽ ነው ወይ ልጄ?»

ሳሚያ አፏን ከፈተች። እንደከፈተችም ቀረች።

አፏ ገርበብ ብሎ፣ አንድ ዓይኗ ሊጨፈን ብሎ፣ እጇ አገጯ ጋ ተነስቶ። ግንባሯ ላይ ትንሽ ክብ ነገር ትዞራለች።

«ማል ጄቴ? ምን አለች?» ጠየቁ አንዱ ሽማግሌ።

«ሂን ዱበኔ። አልተናገረችም» መለሱ ሌላው።

ያኔ አብዶ ጭኑን መታ። «ዝም አለች! ሐያእ ያዛት፣ አፈረች! ዝምታዋ ፈቃዷ ነው፣ አልሐምዱሊላህ!»

ሕጉን የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው። ያላገባች ልጅ ስለ ጋብቻዋ ስትጠየቅ አፍራ ዝም ካለች፣ ዝምታዋ እንደ እሺታ ይቆጠርላታል። ለዓይን አፋር ልጅ የተደረገ እዝነት ነው፤ አፏን ሞልታ አግቡኝ እንዳትል። እዝነቱ እንዲህ ይበዘበዛል ብሎ ማን ያስባል?

ከዚያ የሆነውን ባላየው አላምንም ነበር። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ታብሌቱ ላይ አጎነበሱ።

«ፈገግ ብላለች።»

«ማሻአላህ፣ ጥርሷም ይታያል።»

«እጇን ያነሳችው ለዱዓ ነው።»

«ስታፍር ታምራለች» አለ ጀይሉ፣ ምራት ያገኘ ሰው ድምፅ እያወጣ።

ወንዶቻችን የሴት ልጅን ፊት እንዲህ ተጠግተው፣ እንዲህ ታግሠው ሲመረምሩ አይቼ አላውቅም። መልስ መስጠት ስለማትችል ይሆናል። መዳፎች ለማሰሪያው ዱዓ፣ ለፋቲሓ ሲነሱ መጋረጃው ተገለጠ። አሻ ናት።

«ሼሃችን፣ አቁሙልኝ።»

«አሻ፣ ግቢ» አለ አብዶ። «ምግቡን አስቀርቢ።»

«ምግቡ አይሮጥም። ሼሃችን፣ ዝም ያለችው ልጄ ናት ወይስ ሽቦው?»

«ምን ለውጥ አለው? ዝም ካለች ዝም ብላለች ነው» አለ አብዶ።

«ማራገቢያውም ዝም ብሏል እኮ!» አሻ ጣቷን ወደ ታብሌቱ ዘረጋች። «ቅድም ሲዞር አላያችሁትም? አሁን ቆሟል። እሱም አፍሮ ነው? በሉ እንግዲያው ማራገቢያውንም አብራችሁ ዳሩት!»

ከመጋረጃው ወዲያ አንዷ ሳቋን ለቀቀችው። ሼህ አቡበከር አልሳቁም። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ተጠጉ፣ ማራገቢያውን አዩ። ከዚያ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱ።

«አፍራ ዝም ያለች ልጅ አይቻለሁ። አንገቷን ትደፋለች፣ ትተነፍሳለች። ይቺ አትተነፍስም። እንጠብቃለን።»

«እንግዶቹ መንገድ አለባቸው!» አለ አብዶ።

«ይብሉ፣ ይሂዱ። እኛ እንጠብቃለን።»

እነሱም በሉ፣ ሄዱም። እያንዳንዱ ሲወጣ የከማልን እጅ ጨብጦ «ማብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አለው። ከማል አንገቱን ደፋ። እሱንም የጠየቀው እንደሌለ ያኔ ነው የገባኝ።

አሻ ታብሌቱን አንስታ ወደኔ አመጣችው። «ያቺን መርፌ አውጣልኝ።» አወጣሁላት። መርፌዋ ትንሽ ቀና አለች፣ ወደቀች፣ እንደገና ቀና አለች፣ ወደቀች።

«ባለፈው ዓርብ ጥግ ደርሳ ነበር እኮ!»

«ባለፈው ሰዉ ጁምዓ ላይ ነበር፣ አሻ። አሁን ልጆቹ ሁሉ አርፈው እየደወሉ ነው።»

አዳመጠች። ከግራም ከቀኝም፣ ከየአጥሩ ወዲያ ይሰማል፤ «ሄሎ! ሄሎ! ትሰሚኛለሽ? አካም ጂርታ? ፊትሽ ጠፋብኝ!» የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ሳምንቱን የጠበቋት ሰዓት ናት።

አሻ ነጠላዋን ሰብስባ ግቢው መሀል ቆመች፤ በገበያ ድምፅዋም ጮኸች። «ጎረቤቶቼ! ለአላህ ብላችሁ ዝጉልኝ! ልጄ ልትናገር ነው፣ ለጥቂት ጊዜ ዝጉልኝ!»

መጀመሪያ ሁሉም «ሄሎ!»ውን ቀጠለ። ከዚያ ዘሊካ፣ የግድግዳ ተጋሪዋ፣ ለራሷ ልጅ ስትናገር ሰማኋት። «ልጄ፣ የሳሚያ ነገር ነው። ልዝጋውና መልሼ እደውልልሻለሁ፣ እሺ?» ቀጥሎ ከኋላ ያለው ቤት ዝም አለ። ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ። አንዲት አሮጊት «የኔዋ ታማ ነው የደወለችው» ብላ ጮኸች፤ አሻም «አንቺ አትዝጊ!» ብላ መለሰችላት። ሽቦ ለዚህ ይታዘዝ አይታዘዝ የሚያውቅ ይወቀው። እኔ ያየሁት ግን ማራገቢያው መዞር መጀመሩን ነው።

ሳሚያ እያለቀሰች ነበር። ለካ በሷም በኩል እኛ ደርቀንባት ኖሯል፤ መዳፋችን ለፋቲሓ እንደተነሳ። ያንን ምስል እያየች ነው የቆየችው።

«ጨረሳችሁ? ያለኔ ጨረሳችሁ?» አለች።

«ምንም አልጨረስንም ልጄ» አሉ ሼሁ። «ተናገሪ።»

«እምቢ ነው ሼሃችን። ቅድምም እምቢ ነው ያልኩት። ሰውየውን አላውቀውም። ስመጣ ልየው፣ ያኔ ጠይቁኝ። እማ፣ ሰማሽኝ?»

«ሰማሁሽ» አለች አሻ።

አብዶ ግን ዘሎ ተነሳ። «መስመሩ ይቆራረጣል! በዚህ መስመር የተነገረ ነገር እንዴት ይታመናል?»

ልብ አላችሁ? ልጅቷ ዝም ስትል ያው መስመር የታመነ ምስክር ነበር። ስትናገር ብልሹ ሆነ። ለአብዶ የሚሆን ኢንተርኔት የትኛው እንደሆነ አሁን ገብቷችኋል፤ ሴት ልጅ አፏን ስትከፍት የሚቆም።

ሼህ አቡበከር ተነሱ። «ኒካሕ የለም» ብለው ጫማቸውን አደረጉ። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት።

አላለቀም። በልተው የሄዱት እንግዶች ወሬውን ይዘው ሄደዋል። ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ «ሳሚያ ተድራለች» ተባለ፤ ሳምንት ሳይሞላ «ሳሚያ እሺ ብላ ኒካሕ አፈረሰች» ሆነ። አሻ እህል ልትገዛ ስትወርድ ሴቶቹ ከኋላዋ ያንሾካሹካሉ። አብዶ ሰላም አይላትም። ልጅቷ ለረመዳን ልትመጣ ነው፤ ሳትመጣ ስሟ ቀድሟት እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ከተማው ውስጥ ተሰጥቷል። ከነዚያ ሽማግሌዎች መሀል አንድ እንኳ «እኔስ ምንም አልሰማሁም» ያለ የለም። ጥርሷን አይተዋላ!

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከነዚያ እንግዶች አንዱ አባታችሁ፣ አጎታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ሊሆን ይችላል። እባካችሁ ሂዱና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁልኝ፤ «ድምፅዋን ሰምተሃል?» በሉት። አልሰማሁም ካለ፣ ሳሚያ ከመምጣቷ በፊት ገበያ መሀል ቆሞ ይህንኑ እንዲናገር ለምኑልኝ።